ሌባው የያዘው አድራሻ

ከመገናኛ በላምበረት በኩል ወደ ካራ በሚወጣ ታክሲ ተሳፍሬ «ወሰን ወራጅ አለ!» የምለው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ለአሥራ አንድ የሰፈር ወጣቶች ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ኮምፒውተሮቹ አምስት ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ተራውን እየጠበቀ ይቆማል። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ከጎናችን ቡና የሚያፈሉት የእትዬ ሙቀጫ ድምፅ ከትምህርቱ ጋር ይደባለቃል። በመስኮቱ የየካ ተራራና ከእሱ ጋር ተያይዞ ወደ እንጦጦ የሚሄደው ባሕር ዛፍ ይታያል።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹ «ቲቸር፣ ሃከር የሰው ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው?» ብለው ያዙኝ። በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብዬ በሲ ቋንቋ ጥቂት መስመር ያላት ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራሟ ስም ትጠይቃለች፤ ለስሙ ያዘጋጀችው ቦታ ግን ስምንት ፊደል ብቻ የሚይዝ ነው። ዘመናዊ ኮምፒውተሮች ይዘውት የሚመጡትን ጥበቃ ሆን ብዬ አጠፋሁት። ከልጆቹ አንዱ ከነአያቱ፣ ከነቅድመ አያቱ አርባ የሚደርስ ፊደል ጻፈና አስገባ። ፕሮግራሟ ድርቅ ብላ ወደቀች።

«ምን ሆነች?» አሉኝ።

«ስሙ ከወሰኑ አለፈ» አልኳቸው። የሰፈራቸው ስም በትምህርቱ መሀል ድንገት ሲመጣ ሳቁ። ነገሩ ግን እንዲያው ነው። ኮምፒውተሩ በማህደረ ትውስታው ላይ ስሙን ከሚያስቀምጥበት ቦታ አጠገብ ሌላ ትንሽ ማስታወሻ አለ፤ ፕሮግራሙ የያዘውን ሥራ ሲጨርስ ወዴት እንደሚመለስ የሚነግረው አድራሻ። ከወሰኑ ያለፈው ፊደል ፈስሶ በዚያ አድራሻ ላይ ይጻፋል። የኛ ልጅ የጻፈው የቅድመ አያቱን ስም ስለነበር ፕሮግራሟ መመለሻ ጠፍቷት ወደቀች። ተንኮለኛ ሰው ግን በዚያ ቦታ ላይ ስም አይጽፍም። ራሱ ያዘጋጀው ትእዛዝ የተቀመጠበትን አድራሻ ይጽፋል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይጠረጥር የሌባው አገልጋይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ሌባው የተሰበረ በር ማግኘቱ ብቻ አይበቃውም። ከበሩ ወዲያ ምን የት እንዳለ ማወቅ አለበት። አድራሻው ያስፈልገዋል።

ዓለም ይህን በጉልህ ያየው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በዚያ ዘመን ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኙት ወደ 60,000 ከሚጠጉ ኮምፒውተሮች 6,000 ያህሉን እንዳጠቃ ተገመተ። ፕሮግራሙ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ልክ የኛ ልጅ እንዳደረገው ከወሰን ያለፈ ጽሑፍ ነበር። ከጥቃቱ በኋላ አስከሬኑን የመረመሩት ባለሙያዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ያ ጽሑፍ የተሰናዳው ቫክስ ለሚባሉት ኮምፒውተሮች ነው። ሰን በተባለው ኩባንያ ማሽኖች ላይ ሲሞከር የሚነካውን ፕሮግራም ከመጣል በቀር በዚያ በር መግባት አልቻለም። በሩ በሁለቱም ላይ ክፍት ነበር፤ የውስጡ አቀማመጥ ግን ይለያያል። ሰን ኮምፒውተሮችን በዚያ በር በኩል ያዳናቸው ብልሃት ሳይሆን ከቫክስ የተለዩ መሆናቸው ብቻ ነው።

ይህችን ፍንጭ ለዓመታት ብዙ ሰው አልተከተላትም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፍራክ በተባለ የሰርጎ ገቦች መጽሔት ላይ የዚህ ጥቃት አሠራር ከሀ እስከ ፐ ተዘርዝሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው የጥቂት አዋቂዎች ምስጢር መሆኑ ቀረ። በዓለም ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ እየተመሳሰሉ ሄደው አንዱን የሚሰብር ቁልፍ ሚሊዮኑን መስበር ቻለ።

በቀጣዩ ዓመት የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲዋ ስቴፋኒ ፎረስት ከአኒል ሶማያጂና ከዴቪድ አክሊ ጋር ሆና አንድ አጭር ጽሑፍ አቀረበች። ፎረስት ኮምፒውተርን የምታየው በሥነ ሕይወት መነጽር ነው። በሽታ አንድን መንጋ ሙሉ በሙሉ የማይጨርሰው ግለሰቦቹ ስለሚለያዩ ነው፤ ታዲያ ኮምፒውተሮችን ለምን አናለያይም? አለች። የሦስቱ ሰዎች ሐሳብ ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ ሲዘጋጅ በማህደረ ትውስታው ውስጥ በዘፈቀደ መጠን ባዶ ቦታ ይግባበት። ሥራው አይለወጥም፤ የውስጡ አቀማመጥ ግን ከቤት ቤት ይለያያል።

ይህን ሐሳብ የኛ ገበሬ ከማንም በላይ ይረዳዋል። በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን በሰፊው የተዘራ ስንዴ መታው። ገበሬው ዋጉን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞረ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ2006 ዓ.ም. የምርት ወቅት፣ ሌላ ዓይነት ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን ራሱን አነደደው፤ ማሳቸው ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው ገበሬዎች ነበሩ። ሁሉም ማሳ አንድ ዘር ሲሆን በሽታው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። በትግራይ ሐንፈፅ እያሉ፣ በወሎም ስንዴና ገብስ ቀላቅለው የሚዘሩ አባቶች ይህን ጥበብ ከማንም ላቦራቶሪ አልተዋሱትም። ስለ ኮምፒውተር ደህንነት ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ማንነታቸውን ሳይገልጹ ፓክስ በሚል ስም የሚሠሩ ሰዎች ሐሳቡን አንድ እርምጃ ገፉት። ልዩነቱ ከቤት ቤት ብቻ አይሁን፤ አንዱ ፕሮግራም ራሱ በተነሳ ቁጥር ዕቃውን ሌላ ቦታ ያስቀምጥ አሉ። ይህ መንገድ ቀስ በቀስ ወደ ሊኑክስ፣ ወደ ዊንዶውስ፣ በኋላም በኪሳችን ወደያዝናቸው ስልኮች ገባ። ለልጆቹ አሳየኋቸው። አጥፍቼው የነበረውን ጥበቃ መልሼ አበራሁና ፕሮግራሟ ስሙን ያስቀመጠችበትን አድራሻ እንድታትም አዘዝኳት። አንዴ አስነሳናት፣ አንድ ረጅም ቁጥር አወጣች። ዘግተን ደግመን አስነሳናት፣ ሌላ ቁጥር። ሦስተኛ፣ ሌላ። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ቁጥሮቹን ደብተራቸው ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፉና የሚመሳሰለውን አሃዝ በቀይ አከበቡ። መሀሉ በሙሉ ተለዋውጧል።

«እንግዲያው አለቀ ማለት ነው፤ ሌባው አድራሻ የለውም» አለ የቆመው ልጅ።

አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሆቫቭ ሻካም፣ ዳን ቦኔና ባልደረቦቻቸው ይህን ጥበቃ በለበሰ አንድ የድረ ገጽ ሰርቨር ላይ ጥቃት ሞከሩ። በዚያን ጊዜዎቹ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች ላይ ዕቃው ሊቀመጥ የሚችልባቸው ቦታዎች 65,536 ብቻ ነበሩ። ሰርቨሩ ደግሞ አንዱ ሠራተኛው ሲወድቅ በዚያው አቀማመጥ ሌላ ይተካል። ስለዚህ ዝም ብሎ መገመት፣ ሲወድቅ ሌላ መገመት ነው። በአማካይ 216 ሰከንድ ፈጀባቸው፤ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚህ የባሰው ሁለተኛው ግኝታቸው ነበር። አቀማመጡን በእያንዳንዱ ሙከራ ብንቀያይረውስ? ሒሳቡን ሲሠሩት የአጥቂውን ልፋት ከእጥፍ በላይ አያሳድገውም።

ይህን ለማመን ልጆቹ ተቸገሩ፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ተቸግሬ ነበር። ወደ እትዬ ሄጄ ስድስት ሲኒ ተዋስኩ። ሲኒዎቹን ገልብጬ ከአንዱ ሥር አንድ የቡና ፍሬ ደበቅሁ። ፍሬው ካልተንቀሳቀሰ፣ ባዶ የተገኘውን እየተዉ ሲፈልጉት በአማካይ በሦስት ተኩል ሙከራ ይገኛል። በየሙከራው ቦታውን ከቀየርኩት ግን በአማካይ ስድስት ይፈጃል። ግማሽ ሰዓት ተጫወትን፣ ቆጠርን፤ ልዩነቱ እውነትም ያን ያህል ነው። ያ ሁሉ ማንቀሳቀስ ለዚህ ነው?

ጨዋታው ሲደራ እትዬ ራሳቸው መጥተው ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። ሲኒዎቹን ተረከቡኝና መደበቁን እሳቸው ያዙት። ከልጆቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ሲኒው ጠርዝ ሥር ሲያጮልቅ አዩት። ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ልጁ ፊቱን ለጓደኛው ሲያዞር ፍሬውን ወደ ሌላ ሲኒ አሳለፉት። ልጁ በሙሉ ልብ ያየውን ሲኒ አነሳ፤ ባዶ።

«እትዬ፣ ይሄማ ማታለል ነው!» አለ።

«አየህ ልጄ፣ የምቀይረው ካየኸኝ በኋላ ነው። ሳታየኝማ ለምን እደክማለሁ?» አሉት።

እኔ የዚያን ቀን ማስተማሬን እዚያ ላይ አቆምኩ። እትዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን ተመራማሪዎቹ ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በ2004ቱ ሒሳብ አጥቂው በጭፍን የሚገምት ነበር። እውነተኛ ሰርጎ ገቦች ግን መገመት ትተው ማጮለቅ ጀመሩ። አንዱን ስህተት ተጠቅመው ፕሮግራሙ አንዲት አድራሻ እንዲያፈስ ያደርጉታል፤ ከዚያች አንዲት ፍሳሽ የቀረውን ሁሉ ያሰሉታል። በጭፍን ለሚገምት ሰው ቦታ መቀያየር እምብዛም አይጎዳውም። አጮልቆ ላየ ሰው ግን ያየውን ዋጋ ያሳጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኤም.አይ.ቲ. ሊንከን ላቦራቶሪ ሰዎች ያቀረቡት ዘዴ በትክክል ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ወደ ውጭ አንዳች ነገር ከላከ በኋላ፣ ቀጣዩን መልእክት ከመቀበሉ በፊት፣ አቀማመጡን ይቀይራል። ሰዓት እየቆጠረ አይደለም፤ ምናልባት ምስጢር ወጥቶ ሊሆን ይችላል በተባለ ቁጥር ነው።

ታሪኩን ወደኛ የሚያመጣው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ የቀረበ አንድ ጥናት አትሜ ይዤ ሄድኩ። የአዘጋጆቹ ስም ዝርዝር አሥራ ሦስት ነው። አንዷን ልጅ ስሞቹን እንድታነብ ጠየቅኋት። ጋላገር፣ ቢየርናኪ፣ ቼን እያለች ሄደችና ቆመች። አራተኛው ዘላለም ብርሃኑ አወቀ። አምስተኛው ሳልሳዊ ፈረደ ይትባረክ። ስድስተኛው ምስክር ታደሰ አጋ። ድምፅዋ ተለወጠ። «የኛ ናቸው እንዴ?» አለች።

ጥናቱ የሚናገረው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቶድ ኦስቲን መሪነት ስለተሠራው ሞርፊየስ ስለተባለ ፕሮሰሰር ነው። ስሙ በግሪኮች አፈ ታሪክ በሕልም ውስጥ መልኩን እየለዋወጠ የሚታይ አምላክ ስም ነው። ኦስቲን አምስት ኪሎ ካለው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር ለዓመታት የዘለቀ ትስስር ያለው መምህር ነው።

ልጅቷ ስማቸውን ያነበበቻቸው ሦስቱ ሰዎች ወደ መከላከሉ የመጡት ማጥቃትን አጥንተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዘላለምና ሳልሳዊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ሥራ የማህደረ ትውስታን አንድ ረድፍ ደጋግሞ በመንካት የጎረቤቱን ረድፍ መረጃ ስለሚያዛባ ጥቃት ነበር። ኢንዱስትሪው ሁለት መድኃኒት አበጅቶለት ነበር፤ ሁለቱም እንደማይበቁ ሠርተው አሳዩና የራሳቸውን መከላከያ አቀረቡ። በቀጣዩ ዓመት ሳልሳዊና ምስክር የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ የበለጠ ይደንቃል። የማህደረ ትውስታ ቺፕ በጣም ከቀዘቀዘ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቺፑ ተነቅሎም መረጃው ለአጭር ጊዜ አይጠፋም። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች መረጃውን አዘበራርቀው ስለሚያስቀምጡ ችግሩ ያበቃ ይመስል ነበር። እነሱ ግን የሚዘበራረቅባቸው ቁልፎች የተወሰኑና የሚደጋገሙ መሆናቸውን አግኝተው ፈቱት። የሚደጋገም ነገር ሁሉ ይነበባል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ምስክርና ኦስቲን ፕሮግራሙ አንድን ተግባር በጠራ ቁጥር የዚያን ተግባር የዕቃ አቀማመጥ የሚቀያይር ዘዴ አቀረቡ። በተነሳ ቁጥር ይባል የነበረው በተጠራ ቁጥር ሆነ ማለት ነው።

ሞርፊየስ ይህን የመቀያየር ሐሳብ ወደ ሃርድዌሩ አወረደው። መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ አጥቂው የግድ የሚፈልገው፣ ጤነኛ ፕሮግራም ግን ፈጽሞ የማይፈልገው መረጃ የቱ ነው? አንድ የሒሳብ ፕሮግራም ደመወዝ ለመደመር ትእዛዞቹ በማህደረ ትውስታው የት እንደተቀመጡ ማወቅ አያስፈልገውም። ሌባው ግን ያለዚያ አንድ እርምጃ አይራመድም። እንግዲያው ያን መረጃ ያለ ርኅራኄ ማተራመስ ይቻላል፤ ጤነኛው ሰው አንዳች አይጎድልበትም። ፕሮሰሰሩ የአድራሻ ጠቋሚዎቹንና የፕሮግራሙን ትእዛዞች በምስጢር ቁልፍ ይቆልፋል፣ ቦታቸውን ያዛውራል፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ሳይቆም በየ50 ሚሊሰከንዱ እንደገና ይቀያይራቸዋል። አንድ ሰከንድ ውስጥ ሃያ ጊዜ። ጥቃት የሚመስል ነገር ካሸተተ ደግሞ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ይቀይራል፤ ልክ እንደ እትዬ። ይህ ሁሉ የኮምፒውተሩን ፍጥነት የሚቀንሰው በአንድ በመቶ ገደማ ነው። አጥቂው ሊሰብረው ቢችል እንኳ የሚያስፈልገው ጊዜ ከመቀያየሪያው ጊዜ ቢያንስ 5,000 እጥፍ እንደሚረዝም ገመቱ።

ይህ ግን የሠሪዎቹ ግምት ነው። ፈተናው የመጣው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው።

ያን ክረምት እኛ እናስታውሰዋለን። የህዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በሰኔ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ሳይበር ሆረስ ግሩፕ፣ አኑቢስ ሃከርና ሴኪዩሪቲ ባይ ፓስድ የተባሉ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች የሰነዘሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታወቀ። ዓላማቸው በሙሌቱ ዙሪያ በሀገሪቱ ላይ ጫና መፍጠር እንደነበር ተገለጸ። ጥቂት የማይባሉ የመንግሥት ድረ ገጾች ዒላማ ሆነው ነበር። ብዙዎቻችን ጦርነት በኮምፒውተርም እንደሚመጣ በአካል የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ክረምት፣ ከሐምሌ ጀምሮ ሦስት ወር ያህል፣ ሥራውን በ3.6 ሚሊዮን ዶላር የደገፈው ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ኤጀንሲ ሞርፊየስንና ሌሎች አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ለሰርጎ ገቦች ክፍት አደረገ። ከ500 በላይ ባለሙያዎች ለሚሰብር ሽልማት እየተጠበቀ ሞከሩ። ከሞርፊየስ ጀርባ የተቀመጠው ለፈተናው የተዘጋጀ የሕክምና መረጃ ቋት ነበር፤ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ደግሞ ሆን ተብሎ ክፍተት ያለበት። ከሌሎቹ ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ተሰበሩ። ሞርፊየስን የሰበረ አልተገኘም።

ይህን ስነግራቸው ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ያልተነገረ ነገር እንዳይቀር የሞርፊየስ ጥበቃ የት ላይ እንደሚያቆም ነገርኳቸው። ይህ ቺፕ የሚከላከለው ከወሰን እያለፉ የፕሮግራሙን አካሄድ የሚጠልፉትን ነው። በስልክ ደውሎ «ከባንክ ነው፣ የተላከልህን ቁጥር ንገረኝ» የሚልን ሰው አያቆምም። ይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ላይ የለጠፈን ቢሮ አያድንም። በእጃችሁ ያሉት ስልኮችም ሞርፊየስ የለባቸውም። ካላቸው መከላከያ ዋናው ያ የፓክስ ዘመን ጥበቃና አምራቾቹ የሚልኩት ማሻሻያ ነው፤ ማሻሻያውን ደግሞ ብዙዎቻችን ዳታ ይበላል ብለን ከወር ወር እናሳድረዋለን። አጥቂው ያጠናው ያንኑ ያልተሻሻለ ስልክ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገር ተለውጧል። ግድግዳው ላይ የጥናቱ የመጀመሪያ ገጽ ተለጥፏል፤ ሦስቱ ስሞች በእስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል። ኢንተርኔት የምናገኝበት የዋይፋይ ሳጥን ከፋብሪካ ይዞት የመጣው፣ ከሥሩም ተለጥፎ የኖረው ይለፍ ቃልም ተቀይሯል። የቀየሩት ልጆቹ ናቸው፤ አዲሱን አልነገሩኝም ነበር፣ ለምኜ ነው የሰጡኝ።

አንባቢዬም ዛሬ ማታ ቤትህ ስትገባ፣ ቤትሽ ስትገቢ፣ ያቺን ሳጥን ገልብጣችሁ እዩአት። ከሥሯ የተጻፈው ቃል ዛሬም የሚሠራ ከሆነ፣ ቤታችሁ የገባ እንግዳ ሁሉ አይቶታልና፣ ሳታድሩ ቀይሩት።